የኤደን አለነ ማሸነፍና የቤታችን አማርኛ

በቅርቡ ከመርካዝ ክሊታ (እስራኤል የገቡ አዲስ መጤዎች ከሚያርፉበት ማእከል) ወጥታችሁ በየከተማው የገባችሁ ከኢትዮጵያ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ «ልጆቻችሁ አማርኛ እንዳይጠፋባቸው ምን አደረጋችሁ?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁ፣ መልሴን የምጀምረው በፌብሩዋሪ 4 ቀን 2020 በቴሌቪዥን ካየነው የ«ሃኮኻቭ ሃባ» የዘፈን ውድድር ፍጻሜ ነው። በዚያ ምሽት በኢየሩሳሌም የተወለደችው ኤደን አለነ አሸንፋ፣ ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ወገን እስራኤልን በዩሮቪዥን፣ አገሮች በሚወዳደሩበት የአውሮፓ የዘፈን ውድድር፣ እንድትወክል የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። ያን ጊዜ ገና 19 ዓመቷ ነበር። ቀደም ሲል በ2018 ኤክስ ፋክተር የተባለውን የዘፈን ውድድር ስላሸነፈች ድምጿን የማያውቅ አልነበረም፤ በ2011ም ሌላዋ ልጃችን፣ የስዴሮት ከተማዋ ሐጊት ያሶ፣ «ኮኻቭ ኖላድ» የተባለውን የዘፈን ውድድር አሸንፋ በደስታ አስለቅሳናለች።

ውድድሩን ከእናቴ ጋር ከመጀመሪያው አንሥቶ ተከታትለነዋል። በማጣሪያው ተወዳዳሪው ከትልቅ የስክሪን ግድግዳ ኋላ ቆሞ ይዘፍናል፤ ተመልካቹ ከየቤቱ በስልኩ ይመርጣል፤ የመራጮቹ ፎቶ በግድግዳው ላይ ይደረደራል፤ ድጋፉ 70 በመቶ ሲደርስም ግድግዳው ይነሣል። እናቴ ዕብራይስጥ ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ እየመለሰች ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግታ ፊቶቹን ትመለከት ነበር። «እነዚህ ሁሉ ልጃችንን ብለው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ እማዬ» አልኳት።

ጥያቄዋ ከባድ ነበር፤ ምክንያቱም ከፍጻሜው ሰባት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በጁን 2019 መጨረሻ፣ አንድ ወጣታችን በፖሊስ ጥይት ሞቶ ልጆቻችን መንገድ ዘግተው ሲያለቅሱና ሲጮኹ ሰንብተዋል። ስለዚህ ከፍጻሜው ማግስት «እንግዲህ ተቀብለውናል» ከሚሉት ጋር አልተስማማሁም። እኔ ራሴ በስልክ ተስማምቼ ቤት ለማየት ስሄድ፣ አከራዩ በሩ ላይ አይቶኝ «ተከራይቷል» ብሎ መልሶኛል፤ ለዘፋኝ በስልክ ድምፅ መስጠት ይህን አያስቀርም። ይሁን እንጂ ድሉን «የቴሌቪዥን ነገር ነው» ብለው ያቃለሉትም ልጄን በዚያ ምሽት አላዩዋትም።

ልጄ ያኔ 11 ዓመቷ ነበር። በአማርኛ ስናናግራት ሁሉን ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በዕብራይስጥ ነበር፤ በተለይ ጓደኞቿ ባሉበት አያቷ ስትጠራት አንገቷን ትደፋ ነበር። ከፍጻሜው አንድ ወር ያህል በኋላ ለኤደን የተመረጠው ዘፈን ግን ስሙ ራሱ አማርኛ ሆነ፦ «ፍቅር ልቤ»። ዶሮን መዳሊና ኢዳን ራይኼል የደረሱት ሲሆን፣ ከዕብራይስጥ፣ ከእንግሊዝኛና ከዓረብኛ ጋር የእኛም ቃላት አሉበት። ልጄ ስልኳን ይዛ ወደ አያቷ ሄደችና «ሊቤ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት፤ ከዕብራይስጡ «ሊቢ» ጋር መቀራረቡ ገርሟት ነበር። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ልብ፣ ልብሽ፣ ልቤ» እያለች አስረዳቻት፤ ቀጥላም እኛ ስንናገር «የልቤ ፍቅር» እንደምንል ነገረቻት። በዚያው ቀን ሁለቱ «ዓይኔ»ን፣ «እጄ»ን፣ «ሆዴ»ን ሲደጋግሙ ዋሉ። ለአማርኛ ትምህርት ብዬ የገዛኋቸው መጻሕፍት ግን መደርደሪያው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ።

በዚያው ማርች የዩሮቪዥን ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ኤደን በ2021 ሮተርዳም ላይ የቀረበችው በሌላ ዘፈን ሲሆን 17ኛ ወጣች። እኔን ያሳዘነኝ ደረጃው ሳይሆን፣ አማርኛችን ያለበት ዘፈን በዚያ መድረክ ሳይሰማ መቅረቱ ነው።

እንግዲህ ያደረግነው ይህ ነው፤ ልጄ ከጠየቀች አያቷ ትመልሳለች፤ እኔ መሃል ገብቼ በዕብራይስጥ አልተረጉምም። ባለፈው ዓርብ ጓደኞቿ ቤታችን ተቀምጠው ሳለ እናቴ ከወጥ ቤት ስትጠራት፣ ልጄ አንገቷን ሳትደፋ በአማርኛ «አቤት እማማ፣ መጣሁ» አለች።