የወንድሜ ዳሌ በካሜራ ሊሠራ ነው፤ ምን እንጠይቅ?

የሳቢያን እህት፦
ሰላም ድሬዎች። ታላቅ ወንድሜ ባጃጅ ነው የሚሠራው። ብሽሽቱን ያመዋል፤ ከባጃጁ ሲወርድ ዳሌው ቀጭ ይልና ይያዝበታል። ራጁ ምንም የለውም ተባለ። ኤምአርአይ ሲነሳ ግን «ሳይኖቪያል ኮንድሮማቶሲስ» የሚል ውጤት መጣ። ሐኪሙ በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራ ኦፕራሲዮን እንዳለ ነግሮን ሪፈር ወደ አዲስ አበባ ጻፈልን። ካንሰር ነው እንዴ? የሰፈር ሰው ደግሞ ወጌሻ ይየው እያለን ነው።

ነርስ ከሐረር፦
አይዞሽ እህቴ፣ ካንሰር አይደለም። ወደዚያ የሚቀየረው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ገለፈት የልም አጥንት እንክብሎች ያበቅላል። እነሱ ይላቀቁና እንደ ሽምብራ ውስጥ ለውስጥ ይንከባለላሉ። መሀል ሲገቡ ነው ዳሌው የሚያዘው። ካልሲየም ካልያዙ ራጅ ላይ አይታዩም። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ጉልበት ላይ ነው፤ ዳሌ ላይም ይወጣል። ወጌሻ ጋ ግን አትውሰዱት። እሽት እንክብሉን አያወጣም።

የከዚራው፦
አቦ እኔ ተሠርቼበታለሁ። ሙሉ ማደንዘዣ ሰጥተው እግርሽን ይጎትቱታል፤ መገጣጠሚያው ከፈት እንዲል ነው። ቀዳዳዎቹ በጣም ትንንሽ ናቸው። በአንዱ ካሜራ፣ በሌላው መሣሪያ ይገባል። ለወንድምሽ አስቀድመሽ ንገሪው፦ ከጉተታው የተነሳ ብልት አካባቢ ሊደነዝዝ ይችላል። እኔ በጣም ደንግጬ ነበር፣ ግን ለቀቀኝ። ከተሠራ በኋላ በክራንች ነው የሚሄደው። ስትመለሱ ባቡር ቢሆን ጥሩ ነው፣ እየተነሳ መንቀሳቀስ ይችላል።

ፊዚዮ፦
ሐኪሙን የምትጠይቁት ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፦ እንክብሉን ብቻ ነው የምታወጡት ወይስ ገለፈቱንም ትጠርጋላችሁ? ገለፈቱ ከቀረ ተመልሶ ሊያበቅል ይችላል። ካሜራ የማይደርስበት ጥግ ካለ ደግሞ ከፍቶ መሥራቱ ሊሻል ስለሚችል በቀዳዳው ትንሽነት ብቻ አትወስኑ። ልም አጥንቱ ምን ያህል እንደተጎዳም ጠይቁ። የወጣው ናሙና ለፓቶሎጂ (በላብራቶሪ ለሚደረግ የናሙና ምርመራ) ይላክ። የኤምአርአዩን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም ያዙ።

የሳቢያን እህት፦
እግዜር ይስጥልኝ። የታመመው ቀኙ ነው። ባጃጁን መቼ ይይዛል?

ፊዚዮ፦
የእግር ፍሬኑ በቀኝ ስለሆነ ሐኪሙ ሳይፈቅድለት እንዳይነካው። ቤት ከገባ በኋላ ካተኮሰው፣ ቁስሉ ፈሳሽ ካመጣ ወይም ባቱ ካበጠ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ውሰዱት። ድንገት ትንፋሽ ካጠረውማ ደቂቃም አትቆዩ።