ጥቆማ፦ ለሰሜን ሸዋ የሚሆን መካከለኛ ስልክ፣ የቱ ይሻላል፣ የትስ ይገዛ?

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ። በመካከለኛ ዋጋ አዲስ ስልክ ልገዛ ነው። ሁለት ሲም የሚይዝ፣ ባትሪው ከጠዋት እስከ ማታ የሚያደርስ፣ ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ሳይንቀረፈፍ የሚከፍት፣ የተማሪ ውጤት የምሞላበትን ኤክሴልም የሚችል ይሁን። ቢያንስ አራት ዓመት እንዲያገለግለኝ እፈልጋለሁ። ያሰብኳቸው ሳምሰንግ ኤ16፣ ቴክኖ ካሞን 30 እና ሬድሚ ኖት 13 ናቸው። የትኛውን ትሉኛላችሁ? ደብረ ብርሃን ልግዛ ወይስ አዲስ አበባ ድረስ ልሂድ?

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ሞባይል ጠጋኝ

መምህር፣ ሦስቱም ደህና ስልኮች ናቸው። እኔ ግን ምርጫው ከካሜራው ሳይሆን ከስክሪኑ ቢጀምር ደስ ይለኛል። የሦስቱም ስክሪን አሞሌድ (ነጥቦቹ ራሳቸው የሚያበሩ) ነው፤ ሲታይ ያምራል፣ ሲሰበር ግን ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ገንዘብ ሳይከፍሉ በፊት ሁለት ጥገና ቤት ይግቡና “የዚህ ስልክ ስክሪን እጃችሁ ላይ አለ? ከሌለ በስንት ቀን ይመጣል? ስንት ነው?” ብለው ይጠይቁ። የስክሪኑ ዋጋ ከስልኩ ሲሶ የሚበልጥ ከሆነ ወይም ዕቃው ደብረ ብርሃን የማይገኝ ከሆነ ሌላ ሞዴል ይዩ ባይ ነኝ።

ሲጠይቁ ሦስት ዓይነት መልስ ያገኛሉ፦ ኦሪጅናል፣ ኦኤልኢዲ ኮፒ (እንደ አሞሌዱ ራሱ የሚያበራ፣ ግን የአምራቹ ያልሆነ) እና ኢንሴል። ኢንሴል የሚሉት ኤልሲዲ ነው። ዋጋው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከጀርባው መብራት ስላለው ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ባትሪ ይበላል፣ ወፈር ስለሚልም ከፍሬሙ ከፍ ብሎ ይቀመጥና በትንሽ ግጭት ይሰነጠቃል። ካሞን 30 እና ኖት 13 የጣት አሻራቸው ስክሪኑ ሥር ስለሆነ ኢንሴል ከተገጠመባቸው አሻራው ጨርሶ አይሠራም። ኤ16 አሻራው ጎን ባለው ቁልፍ ላይ ስለሆነ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው።

አሁን ስለ ሦስቱ። ኤ16 ባለ 4ጂውና ካሞን 30 ፕሮሰሰራቸው (የስልኩ አንጎል) የአንድ ቤተሰብ ነው፣ ሂሊዮ ጂ99። ሻጭ “ይሄኛው በጣም ይፈጥናል” ቢልዎ ለእርስዎ ሥራ ልዩነት የለውም። የኤ16 ትልቁ ብልጫ ማሻሻያው ነው፦ ሳምሰንግ 6 የአንድሮይድ ትውልድና 6 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ቃል ገብቶለታል። የባንክ መተግበሪያዎች አሮጌ አንድሮይድን እያደር ስለሚተዉ አራት ዓመት ላሰበ ሰው ይህ ከካሜራ ይበልጣል። ጉድለቱ ቻርጀር ካርቶኑ ውስጥ የለም፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም የለውም። የ25 ዋት ቻርጀር ዋጋ በጀትዎ ላይ ይደምሩ። 4 ጊጋ ራም ያለውን አይውሰዱ፤ 6 ወይም 8 ይሁን።

ካሞን 30 ከ70 ዋት ቻርጀሩ ጋር ይመጣል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር በአጭር ጊዜ የሚሞላ ስልክ ማለት ብዙ ነገር ነው። ኖት 13 ደግሞ 33 ዋት ቻርጀርም የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም አለው።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ በኤ16 እና በኖት 13 ሁለተኛው የሲም ቦታ ከሚሞሪ ካርዱ ጋር የጋራ ነው። ሁለት ሲም ካስገቡ ሚሞሪ ካርድ አይኖርዎትም። እርስዎ ሁለት ሲም ካሉ ከመነሻው 256 ጊጋ ስቶሬጅ ያለውን ቢወስዱ ይሻላል፤ 128 ትንሹ ነው።

“8+8፣ 16 ጊጋ ራም” የሚል ማስታወቂያም አያታልልዎት። እውነተኛው ራም 8 ነው። ቀሪው ከስቶሬጁ ተቆርሶ የተሰጠ ነው፤ ከራም በብዙ እጥፍ ይዘገያል።

መልስ፣ ከሸዋሮቢት፣ ባጃጅ ላይ የሚሠራ

ወንድማችን ያለው ልክ ነው፤ ለቆላው ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሸዋሮቢት ላይ ስልክ የሚገድለው ሙቀት ነው። ባጃጅ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አስቀምጦ፣ ካርታ ከፍቶ፣ ደግሞ ቻርጅ ላይ መሰካት ሦስት ሙቀት በአንድ ላይ ነው። ባትሪው ወደ 45 ዲግሪ ሲጠጋ ስልኩ ራሱ ቻርጁን ያዘገያል ወይም ያቋርጣል፤ ሰው ግን ቻርጀሩ ተበላሸ ብሎ ሌላ ይገዛል። ጥላ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ከቨሩን አውልቃችሁ ሙሉት። ሳምሰንግ ላይ ባትሪ ጥበቃ የሚለውን ከፍታችሁ 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም ማድረግ ይቻላል፤ ቆላ ላለ ሰው ዋጋ አለው። የጀርባው ክዳን ከፍሬሙ ተነስቶ ካያችሁ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ተጭናችሁ ለመመለስ አትሞክሩ፣ ቻርጅም አታድርጉት፣ በቀጥታ ወደ ጠጋኝ።

ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል መሪ ላይ ስልክ ለምታስሩ ደግሞ፦ ካሞን 30 ዋናው ካሜራው እንቅስቃሴን የሚያረጋጋ ተንቀሳቃሽ ሌንስ አለው። የሞተር ንዝረት ያንን ክፍል ሊያበላሸው ይችላል፤ ፎቶው ይደበዝዛል፣ ካሜራው ሲከፈት መንጫጫት ይጀምራል። መሪ ላይ የሚታሰር ከሆነ ኤ16 ወይም ኖት 13 ይሻላል።

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ሱቅ ላይ የሚሸጥ

የት ይገዛ ለሚለው። ዋጋ አልጽፍም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የስልክ ዋጋ አይረጋም፣ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ያስዋሸኛል። አሠራሩን ግን ልንገርዎት። አዲስ አበባ ያለውን ዋጋ በስልክ ያጠይቁ፤ በዚያ ላይ ከደብረ ብርሃን የ130 ኪሎ ሜትሩን ደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ምሳና የአንድ ቀን ድካም ይደምሩ። ልዩነቱ ከዚህ ብዙ ካልራቀ ደብረ ብርሃን ይግዙ፤ ስልኩ በሳምንቱ ችግር ቢያሳይ ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፍረው ከተመለሱ በኋላ መርካቶ ድረስ መልሶ መሄድ ቀላል አይደለም። ሦስት አራት ስልክ አንድ ላይ ለሚገዛ ሰው ግን አዲስ አበባ ያዋጣል። የኢትዮ ቴሌኮም ማዕከላትም ቀፎ ይሸጣሉ፤ ምርጫው ጠባብ ነው፣ ደረሰኙ ግን አያጠያይቅም።

የትም ይግዙ የማሽን ደረሰኝ ይቀበሉ፣ አይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ) ቁጥሩም ደረሰኙ ላይ ይጻፍልዎት። ዋስትና ሲባል የማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሱቁ ነው ወይስ የአምራቹ? ለቴክኖ፣ ለኢንፊኒክስና ለአይቴል የአምራቹ ጥገና ካርልኬር ነው። የወደቀ፣ ውኃ የገባበት ወይም ሌላ ሰው የከፈተው ስልክ በዋስትና አይታይም።

ካርቶኑ ፊትዎ ይከፈት። ከዚያ *#06# ይደውሉ፤ የሚመጡትን ሁለት ባለ 15 አሃዝ የአይኤምኢአይ ቁጥሮች ካርቶኑ ላይ ካሉት ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ሳምሰንግ ከሆነ *#0*# ሲደውሉ የሙከራ ገጽ ይከፈታል። ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን እየነኩ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ወይም መስመር እንዳለ ይዩ፤ በተች ሙከራው ደግሞ ሳጥኖቹን ሁሉ በጣትዎ ያስምሩ፣ ጠርዝ ላይ ያሉት ሳይቀሩ። ሬድሚ ላይ ተመሳሳዩ *#*#6484#*#* ነው። ሁለቱንም ሲሞችዎን አስገብተው በእያንዳንዱ ይደውሉ፤ እያወሩ ስልኩን ጆሮዎ ላይ ሲያስጠጉ ስክሪኑ መጥፋት አለበት። ከዚያ ዳታ ከፍተው 4ጂ የሚለው ምልክት መምጣቱን ይዩ። ፕሌይ ስቶር ገብተው ከሴቲንግ ውስጥ አባውት የሚለውን ሲከፍቱ የፕሌይ ፕሮቴክት መስመር “ሰርቲፋይድ” ካላለ ስልኩን ይመልሱ፤ የውሸት ቀፎ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይያዛል።

የኤ16 ቻርጀር ሲገዙም እዚያው ይሞክሩት። ገመዱ ሲሰካ “ሱፐር ፋስት ቻርጂንግ” የሚል ጽሑፍ ከመጣ 25 ዋቱ እውነት ነው። “ፋስት ቻርጂንግ” ብቻ ካለ ወይ ቻርጀሩ ወይ ገመዱ 25 ዋቱን እያደረሰ ላይሆን ይችላል፤ ገመዱን ቀይረው ድጋሚ ይዩ።

ስለ ሬድሚ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቻይና ውስጥ ኖት 13 ተብሎ የሚሸጠው ባለ 5ጂው ነው። ካርቶኑ በቻይንኛ ብቻ ከተጻፈ፣ ስልኩም ያለ ፕሌይ ስቶር ከመጣ ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው። ሶፍትዌሩን ቀይረው “ግሎባል” ብለው የሚሸጡም አሉ። ስልኩን አጥፍተው ሲያበሩት ሎጎው ባለበት ገጽ ላይ የተከፈተ ጓጉንቸር ምስል ካዩ ተነካክቷል ማለት ነው። የባንክ መተግበሪያ እንዲህ ያለ ስልክ ላይ አልከፍትም ሊል ይችላል፣ ቀጣዩ ማሻሻያ ሲመጣም ስልኩ ሳይነሳ ሊቀር ይችላል።

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቴሌግራም ላይ ያገለገለ ሳምሰንግ በጣም በረከሰ ዋጋ አየሁ፤ እሱስ እንዴት ነው?

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ሞባይል ጠጋኝ

መምህር፣ በረከሰ ቁጥር ምክንያቱን ይፈልጉ። የሞዴል ቁጥሩ በላቲኑ ዩ ፊደል የሚያልቅ ከሆነ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ነው፤ ብዙዎቹ አንድ ሲም ብቻ ይይዛሉ፣ ለአንድ ድርጅት ኔትወርክ የተቆለፈም ሊሆን ይችላል። ሌላው በብድር ተሽጦ ክፍያው ያላለቀ ስልክ ነው። ዛሬ ይሠራል፤ አንድ ቀን ዳታ ሲያገኝ ይቆለፋል፣ ሪሴት ቢያደርጉትም መቆለፊያው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ሻጩ ጉግል አካውንቱን ራሱ ያስወጣ፣ ፊትዎ ሪሴት ያድርገው፣ በዋይፋይ ወይም በዳታ አገናኝተው የራስዎን አካውንት እስኪገቡ ድረስ ገንዘቡ ኪስዎ ይቆይ። “ቤትህ ስትደርስ ትገባለህ” የሚል ሻጭ ዘንድ አይቁሙ።

መልስ፣ ከመንዝ፣ ሶላርና ኤሌክትሮኒክስ ላይ ያለ

መሐል ሜዳ ላይ ጉዳዩ ብርድና መብራት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት 15 እና 20 በመቶ የሚያሳይ ስልክ ድንገት ይጠፋል። ባትሪው ሲቀዘቅዝ የውስጥ መቋቋሙ ይጨምራል፤ ካሜራ ወይም ጥሪ ሲከፈት ቮልቴጁ ዝቅ ይልና ስልኩ ያለቀበት መስሎት ይዘጋል። ሲሞቅ ይመለሳል። ከጋቢ ሥር፣ ሰውነት አጠገብ ይያዙት። በውርጭ ያደረ ስልክ ወዲያው ቻርጅ አይደረግም፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ሊቲየሙ ወደ ቦታው ከመግባት ይልቅ ላዩ ላይ ይለበጣል፣ ባትሪውም ለዘለቄታው አቅም ያጣል። ግማሽ ሰዓት ቤት ውስጥ ይቆይ። ምድጃ ወይም ከሰል ዳር ግን አታሙቁት፤ ከብርድ ወደ ሙቀት በድንገት ሲገባ ውስጡ ያልበዋል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኃይሉ ይዋዥቃል። ሲሄድ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ከመጣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይሰኩ። ከትንሽ ሶላር ፓነል በቀጥታ ስልክ መሙላትም ጥሩ አይደለም፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ይቋረጣል። ሶላሩ ቀን ፓወር ባንክ ይሙላ፣ ፓወር ባንኩ ማታ ስልኩን ይሙላ።

ፓወር ባንክ ሲገዙ 10,000 ሚሊአምፕ ሰዓት (mAh) ከተጻፈበት 10,000 አይጠብቁ። ቁጥሩ የተለካው በ3.7 ቮልት ነው፤ ሲወጣ ወደ 5 ቮልት ይቀየራል፣ በመካከሉም የሚባክን አለ። የሚተርፈው ከ6,000 ትንሽ ከፍ ይላል። ባለ 5,000 ባትሪ ስልክ አንድ ጊዜ ሙሉ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በከፊል ብቻ ይሞላል። ደህና ፓወር ባንክ ጀርባው ላይ በትንሹ “ሬትድ ካፓሲቲ” ብሎ ይህንን እውነተኛ ቁጥር ያስቀምጣል። ያ ጽሑፍ ጭራሽ ከሌለና በእጅ ሲይዙት ከቀለለ ይተዉት።

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ሱቅ ላይ የሚሸጥ

ከገዙ በኋላ ስለሚደረገው። አዲስ ስልክ ዳታ ሲያገኝ መተግበሪያዎችን ሁሉ ያድሳል፤ ፓኬጅዎ በአንድ ምሽት ያልቃል። መጀመሪያ ፕሌይ ስቶር ላይ ማደሱ በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ያድርጉ። የድሮውን ስልክ ቶሎ ሪሴት አያድርጉ፤ የቴሌግራም መግቢያ ኮድ የሚመጣው አስቀድሞ በተከፈተበት ስልክ ላይ ነው። ብዙ ባንኮችም መተግበሪያቸውን ከስልኩ ጋር ስለሚያስሩት አዲሱ ላይ እስኪከፈት ድረስ አሮጌው ይቆይ፤ ቅርንጫፍ መሄድ ሊኖርብዎ ስለሚችል መታወቂያ ይያዙ። ፎቶዎቹን በኩዊክ ሼር (ከስልክ ወደ ስልክ ማስተላለፊያ) ያለ ዳታ ማስተላለፍ ይቻላል። ለአማርኛ ጽሑፍ የጉግል ኪቦርድ የሆነው ጂቦርድ ይበቃል፤ ቋንቋ ጨምር ብለው አማርኛን መምረጥ ነው።

ግላስ ሲያስለጥፉ ካሞን 30 ወይም ኖት 13 ከሆነ ቀጭኑን ይምረጡ፣ ከተለጠፈ በኋላም የድሮውን አሻራ አጥፍተው እንደገና ይመዝግቡ። የቻርጀሩ ገመድ ውሎ አድሮ አልገባ ካለ ወይም ከወለቀለቀ ቀዳዳው ውስጥ ብናኝ ተጠቅጥቆ ነው። ስልኩን አጥፍተው በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ቀስ ብለው ያውጡት። መርፌ አይጠቀሙ፤ መሐል ላይ ያለችው ቀጭን ምላስ ከታጠፈች ሙሉ የቻርጅ ቦርዱ መቀየሩ ነው።