አምባሰልና ትዝታ ማይነር በማዳመጥ ሙከራ ለምን ይምታታሉ?

ደብረብርሃን_ቅኝት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለዓለም አቀፉ የሙዚቃ ግንዛቤ ጉባኤ አብስትራክት ለማስገባት፣ ደብረ ብርሃንና መሀል ሜዳ (መንዝ) ላይ የማዳመጥ ሙከራ እያዘጋጀን ነው። አድማጩ በኮምፒውተር የተሠራ የክራር ድምፅ ይሰማል። የአንድ ቅኝት አምስት ኖታዎች በዘፈቀደ ተደርድረው ይመጡለታል፤ ከዚያ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ ብሎ ይመርጣል። በዘፈቀደ የደረደርነው የሚታወቅ ዘፈን ጆሮ ውስጥ እንዳይገባ ነው።

ትዝታና ባቲ ሜጀርና ማይነር የሚባል ሁለት ሁለት ዓይነት አላቸው። በቅድመ ሙከራው አንቺሆዬ ቶሎ ይለያል። አምባሰልና ትዝታ ማይነር ግን ክራር ለሚመቱት ሰዎች እንኳ ይምታታሉ፤ ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነርም እንዲሁ። ችግሩ የድምፁ ጥራት ነው ወይስ አሠራሩ? ደግሞስ ገበሬውን «ከ1 እስከ 7 ነጥብ ስጥ» ማለት ያስኬዳል?

ማረፊያ_ድምፅ

አድማጮቹ ትክክል ናቸው። ከሰሙት ነገር ሁለቱን መለየት አይቻልም።

በወረቀት ላይ ጻፉት። አምባሰል ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው (ፍላት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው)። እነዚሁኑ አምስት ኖታዎች ከፋ ጀምራችሁ ቁጠሩ፦ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት። ይህ በፋ ላይ የቆመ ትዝታ ማይነር ነው። ትዝታ ሜጀርም (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ከላ ሲቆጠር ባቲ ማይነር ይሆናል። የሚለያቸው ዜማው የሚያርፍበት ኖታ ብቻ ነው። እናንተ ደግሞ ኖታዎቹን እኩል ርዝመትና እኩል ድግግሞሽ ሰጥታችሁ በመደርደራችሁ ማረፊያውን አጥፍታችሁታል። አንቺሆዬ (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ) ከሌሎቹ ከአንዳቸውም ጋር እንዲህ ስለማይገጥም ነው በቀላሉ የተለየው።

ማስተካከያው ይህ ነው። እያንዳንዱ ማሰሚያ ከ10 እስከ 12 ኖታ ይኑረው፤ በማረፊያው ይጀምር፣ በማረፊያው ይጨርስ፣ ማረፊያው መሐል ላይም ሁለት ጊዜ ይመለስ፤ የመጨረሻው ኖታ ከሌሎቹ እጥፍ ይርዘም። የቀሩትን በዘፈቀደ መደርደር ትችላላችሁ፤ ዘፈን አይሆንም፣ ቅኝቱ ግን ይቆማል።

ከስም ምርጫ ይልቅ ደግሞ ክሩምሃንስልና ሼፐርድ በ1979 ያቀረቡትን ዘዴ እመርጣለሁ። ቅኝቱ ከተሰማ በኋላ አንድ ኖታ ብቻ ይጨመራል፤ አድማጩ ከቀደመው ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ ይናገራል። የቅኝቱን ስም የማያውቅ ሰው ጆሮው ግን ሊያውቀው ይችላል፤ በስም ምርጫ ይህን ሰው ታጡታላችሁ። ስድስት ቅኝት (ትዝታና ባቲ ሁለት ሁለት) ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባሉት 12 ኖታዎች ሲባዛ 72 ጥያቄ ነው። አንዱ 12 ሰከንድ ቢፈጅ 14 ደቂቃ ተኩል ያህል ይሆናል። ሁለት ዙር ይበቃል፤ በመሐል ዕረፍት ስጡ። ከጥያቄ ወደ ጥያቄ የቅኝቱን መነሻ ከፍና ዝቅ አድርጉ፤ አለዚያ ያለፈው ማረፊያ ጆሮ ላይ ቀርቶ የሚቀጥለውን መልስ ይጎትታል።

ጓሳ_ነፋስ

ስለ መስኩ ልጨምር። የ7 ነጥብ ሚዛን ቀለም ላልቆጠረ ሰው አይመችም፤ ብዙው ሰው ዳር ዳሩን ወይም መሐሉን ብቻ ይይዛል። ሁለት ምርጫ ስጡት፦ «ዜማው አረፈ ወይስ ተንጠልጥሎ ቀረ?» ይህ በራሱ አማርኛ የሚገባው ጥያቄ ነው። ከዚህም የተሻለው፣ የመጨረሻዋን ኖታ ቆርጣችሁ «ጨርሰው» ብሎ እንዲያንጎራጉር ማድረግ ነው። የዘፈነውን ቅዱና ፕራት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለኩ። ወንዶች አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርገው ስለሚዘፍኑ ሲነጻጸር ኦክታቩን ማጠፍ፣ ማለትም ዝቅ ያለውን ዶና ከፍ ያለውን ዶ እንደ አንድ መቁጠር፣ አትርሱ።

የፒያኖ እኩል ክፍፍል (ኦክታቭን በ12 እኩል ግማሽ ድምፆች የሚከፍለውን) ተጠቅማችሁ ከሆነ ቆም በሉ። ክራር በጆሮ ነው የሚቃኘው፤ የአንዳንዱ ኖታ ርቀት ከፒያኖው ይለያል። ከአካባቢው ሦስት አራት ክራር መቺዎች ቅኝቱን እንዲቃኙ ጠይቁ፤ እያንዳንዱን ክር ለኩ፣ መሐለኛውን ቁጥር ውሰዱ። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት መሆኑን ይዛችሁ ልዩነቱን መጻፍ ትችላላችሁ።

ዋሽንት የምትጨምሩ ከሆነ የደብረ ብርሃን ብርድ ቁጥራችሁን ያበላሻል። አየር በ25 ዲግሪ ድምፅን በሰከንድ 346 ሜትር ያህል ያስኬዳል፣ በ10 ዲግሪ 337። ያው ዋሽንት በብርዱ 45 ሴንት ገደማ ይወርዳል፤ ይህ የግማሽ ድምፅ እኩሌታ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ የተቀዳን ከደጋው ጋር እንዲሁ አታወዳድሩ። መሣሪያውን በተጫዋቹ ትንፋሽ አሙቁት፣ የክፍሉን ሙቀት መዝግቡ። ክራሩንም ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት ደግማችሁ ቃኙ፤ ቆዳው እርጥበት ይስባል።

በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትሥሩ፤ ዝናብ ከጣለ የቀኑ ሥራ አለቀ። ጆሮን የሚሸፍን ባለገመድ ማዳመጫ ያዙ፣ የድምፁን መጠን ለሁሉም አንድ አድርጋችሁ መቆጣጠሪያውን ዝጉ። እያንዳንዱ ኖታ ሲጀምርና ሲያልቅ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይለዝብ፤ አለዚያ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይገባል፣ አድማጩም እሱን ይሰማል።

ጊዜውንም አስቡበት። በዐቢይ ጾም ብዙ ምእመናን ዓለማዊ ዘፈን አይሰሙም፣ የሚደረደረው በገና ነው። ያን ጊዜ የሚመጣላችሁ አድማጭ ከሌላው ወቅት ይለያል። ከትንሣኤ በኋላ ይሻላል።

አብስትራክት_አንባቢ

ጉባኤው በ1989 ኪዮቶ የተጀመረ ነው። በ2018 በአራት ከተሞች፣ ግራትስ፣ ሞንትሪያል፣ ላ ፕላታና ሲድኒ በአንድ ጊዜ ተካሂዷል፤ ስለዚህ ሳይጓዙ የማቅረብ ዕድል መኖር አለመኖሩን ከጥሪው ላይ አስቀድማችሁ ፈልጉ።

ርዕሱ ላይ «ኢትዮጵያውያን አድማጮች» አትበሉ። የሰማችሁት ደብረ ብርሃንና መንዝን ነው፤ ያንኑ ጻፉ። ገምጋሚው ቅኝት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ግን ከላይ የተጻፈው፣ ማለትም አምስት ኖታ አንድ ሆኖ ማረፊያው ሲለወጥ ቅኝቱ መለወጡ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይገባዋል። የጥናታችሁ ጥንካሬ እዚያ ላይ ነው፣ በእሱ ጀምሩ። የትኛው ቅኝት ከየትኛው ጋር እንደተምታታ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ አትጣሉት፤ ማረፊያው የጠፋበትንና የቆመበትን ሁለቱንም አሰሙ፣ ልዩነቱ ራሱ ውጤት ነው።

ስሌቱ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ 30 ሰው 72 ጥያቄ ቢመልስ 2,160 ነጻ መልስ አላችሁ ማለት አይደለም። የአንድ ሰው መልሶች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ሰውየውን በስሌቱ ውስጥ የሚያስገባ ሞዴል ተጠቀሙ። የሥነ ምግባር ፈቃዱን ከመጀመሪያው አድማጭ በፊት አውጡ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሰጥም።

ደብረብርሃን_ቅኝት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አሠራሩን እንቀይራለን። ማረፊያው ይበልጥ እንዲጸና ከሥር የሚቀጥል ድምፅ፣ ማረፊያውንና አምስተኛውን (ማረፊያው ዶ ሲሆን ሶልን) አንድ ላይ ብናስገባስ?

ማረፊያ_ድምፅ

አምስተኛውን ተዉት። አንቺሆዬ ውስጥ ሶል የለም፤ ከሥር ሶል ከቀጠለ ከሶል ፍላት ጋር ይጋጫል፣ ቅኝቱም ስድስት ኖታ ይሆናል። ማረፊያው ብቻውን፣ ከዜማው ዝቅ ባለ ድምፅ ይቀጥል። መልስ የሚጠየቅበት ኖታ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ይቁም፤ ካልቆመ አድማጩ የሚመዝነው ሁለት ድምፅ አብሮ ሲሰማ ያለውን ስምምነት ይሆናል።