ከማልወደው ዘርፍ አንድ መጽሐፍ ጠቁሙኝ

ገጽ በገጽ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የማነበው የተደበላለቀ ነው። ልብ ወለድ፣ ግለ ታሪክ፣ ወንጀል ነክ፣ ግጥም፣ የስኬት ምክር፣ እጄ የገባውን ሁሉ። ዛሬ የሚሰማኝን ሳልቀባባ ልናገርና መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ።

ከፍቅር እስከ መቃብር ልጀምር። ትልቅ መጽሐፍ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን እኔን ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል ፍቅር ይልቅ የያዘኝ ጉዱ ካሳ ነው። እሱ አፉን ሲከፍት መጽሐፉ ነፍስ ይዘራል። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሱበት ክፍል ደግሞ ካነበብኳቸው የአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ ይበልጥብኛል። ወደ ፍቅሩ ሲመለስ ይረዝምብኛል። ሁለቱ ሲያለቅሱ ቶሎ ቶሎ እገልጣለሁ።

ከኦሮማይ ግን አንድ ገጽ አልዘለልኩም። ስለ በዓሉ ግርማ ሲነሳ ሰው የሚያወራው መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ እሱ በየካቲት 1976 ደብዛው መጥፋቱን ነው። ሊወራም ይገባል። ስለ መጽሐፉ ራሱ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ የመሰለ ከባድ ጉዳይ ተሸክሞ እንደ ስለላ ልብ ወለድ ይሮጣል እኮ! ጋዜጠኛው ጸጋዬ በሥራውና በራሱ ላይ ያለው እምነት ቀስ በቀስ ሲላላ ደራሲው ቆሞ አያብራራልንም፣ ለእኛ ይተወዋል። ብዙ ደራሲዎቻችን ገጸ ባህሪው አሁን የተናገረውን መልሰው ያስረዱናል፣ ከዚያ ደግሞ ይመክሩናል። እኔ እዚያ ላይ ነው የምወርደው።

ግለ ታሪክ ነፍሴ ነው። የባለሥልጣናቱ ግን ሰልችቶኛል። ጥፋቱ ሁሌ የሌላ ሰው ነው። ሁሉም በስብሰባው ላይ ተቃውሞ ነበር። ሁሉም ከተቃወመ ታዲያ ማን ወሰነው? የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የሕይወቴ ታሪክ የምለየው ለዚህ ነው። በልጅነታቸው ዓድዋን ያዩ፣ ሩሲያ ሄደው የተማሩ፣ በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ሲቆጡም ሲኮሩም በግልጽ ነው። ባልስማማቸው እንኳ ከሰው ጋር እንደማወራ ይሰማኛል።

አሁን ወደ ችግሬ። ሦስት ዘርፎች አልገቡልኝም። አንደኛው የስኬት ምክር የሚባለው ነው። አንድ ገጽ የሚበቃው ሐሳብ ተለጥጦ መጽሐፍ ይሆናል፣ ምሳሌውም ሁሌ የተሳካለት ሰው ነው፣ ያንኑ ምክር ተከትሎ የከሰረው አይነሳም። ሁለተኛው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ፤ መሣሪያው በዝርዝር ይነገረኛል፣ ሰው ግን የለበትም። ግጥም ደግሞ ቤት ለመምታት ሲባል ያለ ቦታው የተጎተተ ቃል ሳይ ወዲያው እዘጋዋለሁ።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ለእነዚህ "ይህን አንብቢና እናወራለን" የምትሉት አንድ አንድ መጽሐፍ ስጡኝ። ረጅም ዝርዝር አልፈልግም። ለምን እንደሆነም ንገሩኝ።

የቀለም ቀንድ፦

እህቴ፣ በጉዱ ካሳ እስማማለሁ። በፍቅሩ ጉዳይ ግን በፍጹም! ፍቅሩንና አመፁን ለያይተሽ ካነበብሽው መጽሐፉን ለሁለት ሰነጠቅሽው ማለት ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የመጣውን ሁሉ በዘር አነሰ እያሉ ሲመልሱ የሰብለ ዕድሜ ያልፋል። በዛብህን ወላጆቹ ገና በልጅነቱ በብፅዓት ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተውታል። የሁለቱንም ሕይወት ሌላ ሰው ወስኖላቸዋል። የገበሬውም ዕጣ ያው ነው፣ ምን እንደሚያመጣና ለማን እንደሚያመጣ ሌላ ሰው ይነግረዋል። ሀዲስ አለማየሁ አንዱን ሥርዓት በሁለት በር ነው ያስገቡን። ረዘመብኝ ያልሽውን ክፍል ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ስሚውና ከዚያ ንገሪኝ።

ለግጥሙ የፀጋዬ ገብረ መድኅንን እሳት ወይ አበባ (1966 ዓ.ም.) ያዢ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ በዓይንሽ አታንብቢው። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። የፀጋዬ ቃላት ከበድ ይላሉ፣ መጀመሪያ ላይ ምላስ ይይዛሉ፣ ምቱን ስታገኚው ግን ይወስድሻል። ቤት ለመምታት የገባ ቃል ካገኘሽበት እዚሁ ጻፊልኝ፣ እንከራከርበታለን። ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አትጨርሺው። ግጥምን እንደ ልብ ወለድ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ነው ብዙ ሰው የሚያስጠላው።

ማታ ማታ፦

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሰው የለበትም ላልሽው፦ ፍራንከንስታይን። ፊልሞቹን እርሻቸው። ሜሪ ሼሊ መጻፍ ስትጀምር 18 ዓመቷ ነበር፣ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1818 ሲታተም 20። መሣሪያ ፈልገሽ አታገኚበትም፣ ፍጥረቱ እንዴት እንደተሠራ እንኳ በቅጡ አይነገርም። ወጣቱ ተመራማሪ ቪክቶር፣ የሠራው ፍጡር ዓይኑን ሲገልጥ ደንግጦ ጥሎት ይሸሻል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የተጣለ ልጅ ታሪክ ነው። ፍጡሩ ከአንድ ቤተሰብ ጎጆ ጥግ ተደብቆ፣ በቀዳዳ እያየና እየሰማ ቋንቋ ይማራል። በድብቅ እንጨት ይለቅምላቸዋል። ቀን ጠብቆ ዓይነ ስውሩ አባት ብቻውን ሲሆን ገብቶ ያናግረዋል፣ ሽማግሌውም በደግነት ይቀበለዋል፣ ምክንያቱም መልኩን አያይም። ልጆቹ ሲመለሱ ምን እንደሚሆን አልነግርሽም። እኔ እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ተንፍሻለሁ። በነገራችን ላይ መጀመሪያው በደብዳቤ ነው፣ ትንሽ ይንቀራፈፋል፣ ታገሺው።

ህዳግ ጻፊ፦

የስኬት ምክር ላይ ጠንክረሽበታል። የሚመክረው ሰው ያጣ ወጣት "ጊዜህን እንዲህ ከፋፍል፣ ገንዘብህን እንዲህ ያዝ" የሚል ቀላል መጽሐፍ ሊያነሳው ይችላል፣ ለእሱ ያ አንድ ገጽ ሐሳብ ብዙ ነው። መለጠጡን ግን እኔም አልወድም።

ላንቺ የምሰጥሽ የቪክቶር ፍራንክልን Man's Search for Meaning ነው፣ ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች ተርፎ እ.ኤ.አ. በ1946 ያሳተመውን። የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነበር። አባቱን፣ እናቱን፣ ወንድሙንና ሚስቱን በዚያ አጥቷል። የተሳካለት ሰው ምሳሌ ሰለቸኝ አላልሽም? እሱ እኮ እንዴት እንደተረፈ እንደ ምክር አይሸጥልሽም። በጣም ጥሩዎቹ አልተመለሱም ብሎ ገና ሲጀምር ይነግርሻል። ሰው ሁሉንም ሲቀማ የሚቀረው ምንድነው፣ ጥያቄው እሱ ነው። ሁለተኛው ክፍል ስለ ሕክምና ዘዴው ስለሆነ ይደርቃል፣ ካልጣመሽ የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን ይበቃል።

ደግሞ ወንጀል ነክ አነባለሁ ብለሽ አስተያየትሽን ዘለልሽው። አጋታ ክሪስቲ ላይ ምን ትያለሽ?

ገጽ በገጽ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከፍራንከንስታይን እጀምራለሁ፣ የጎጆው ነገር ልቤን ሳበው። ፍራንክልን አስከትላለሁ። ፀጋዬንም እንደተባልኩት ጮክ ብዬ እሞክረዋለሁ።

የቀለም ቀንድ፣ የዘሩንና የብፅዓቱን ነገር ተቀብያለሁ፣ ጥሩ አድርገህ ነው ያገናኘኸው። ትረካው ግን ማስረጃ አይሆንም። ወጋየሁ ያነበበው ሁሉ ያምራል፣ እኔ የምመዝነው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው።

ህዳግ ጻፊ፣ ክሪስቲን እወዳታለሁ፣ ከሁሉም በላይ አሥር ሰዎች ደሴት ላይ ተጠርተው አንድ በአንድ የሚሞቱበትን፣ እ.ኤ.አ. የ1939ኙን። ፍንጮቹን ፊት ለፊትሽ ታስቀምጣለች፣ አትሰርቅሽም። ሰዎቿ ግን መጽሐፉ ሲዘጋ ከእኔ ጋር አይወጡም። ከመካከላቸው አብሮሽ የቆየ ካለ እስቲ ስሙን ንገሪኝ።