የኦዮ ዘውድ የመጨረሻ ቃል የማን ነው? አንጋሾች፣ አገረ ገዢ ወይስ ዳኛ

አወያይ፦
የዛሬው ክርክራችን ናይጄሪያ ያደርሰናል። የዮሩባዎቹ የኦዮ ንጉሥ "አላፊን" ይባላል። አላፊን ላሚዲ አዴዬሚ ሣልሳዊ ከ50 ዓመት በላይ ነግሠው በሚያዝያ 2022 አረፉ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እሳቸው ከአሎዎሎዱ ቤት ስለነበሩ ተራው የሌላኛው ነጋሽ ቤት፣ የአጉንሎዬ ሆነ። "ኦዮሜሲ" የሚባሉት አንጋሾች በአብላጫ ድምፅ ልዑል ሉክማን ግባዴጌሲንን መረጡ። የኦዮ ግዛት አገረ ገዢ ሴዪ ማኪንዴ ግን ምርጫው በጉቦ ተበላሽቷል ብለው አላጸድቅም አሉ። አንጋሾቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። ዙፋኑ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ባዶውን ከረመ። በጥር 2025 አገረ ገዢው አኪም ኦዎአዴን አጽድቀው በትረ ሹመቱንና የምስክር ወረቀቱን ሰጧቸው። አምስት አንጋሾች ደግሞ "እኛ የመረጥነው ሌላ ሰው ነው፣ ክሳችንም ገና አላለቀም" አሉ። እናንተስ? የመጨረሻው ቃል የማን ይሁን? ስድብ አይፈቀድም።

ጠበቃዋ፦
ከሕጉ እንጀምር። መሠረቱ በ1957 የያኔው ምዕራብ ክልል ያወጣው የባህላዊ ሹሞች ሕግ ነው። ልማዱ በጽሑፍ ይመዘገባል። ስንት ነጋሽ ቤት አለ? ተራው እንዴት ይዞራል? የሚያነግሡት እነማን ናቸው? ይሄ ሁሉ ወረቀት ላይ ነው። አንጋሾች ይመርጣሉ፣ መንግሥት ያጸድቃል። ስለዚህ አገረ ገዢው ከነአካቴው አያገባውም ማለት አይቻልም። ግን ማጸደቅ መምረጥ አይደለም። ትልቁ ቀዳዳ ሌላ ቦታ ነው። አንጋሽ ሲጎድል መንግሥት ጊዜያዊ አንጋሽ መመደብ ይችላል። አስቡት እንግዲህ። ያሉት አንጋሾች እምቢ ካሉኝ ሌሎች መድቤ የፈለግሁትን አስመርጣለሁ ማለት ነው። ታዲያ ምርጫው ለምን አስፈለገ?

ታሪክ ወዳድ፦
እኔ ደግሞ "ልማድ ይከበር" የሚለው ነገር ሁሌ ፈገግ ያሰኘኛል። በድሮው ኦዮ የንጉሡ የበኩር ልጅ፣ "አሬሞ" የሚሉት፣ አባቱ በሕይወት ሳለ አብሮት ያስተዳድራል። አባቱ ሲሞት ግን አይወርስም፣ አብሮ ይሞታል። ልጅ አባቱን ለመግደል እንዳይቸኩል የተበጀ ዘዴ ነው ይባላል። አላፊን አቲባ ይህን ለወጠ። በ1859 ሲሞት ልጁ አዴሉ ነገሠ። የኢጃዬ ከተማው ገዢ ኩሩንሚ "ልማድ አፍርሶ ለነገሠ አልገብርም" አለ። የኢባዳን ከተማ ለአዴሉ ቆመች፣ ጦርነት ሆነ፣ በ1862 ኢጃዬ ወደመች። አሁን ጉዱን ስሙ። በ2022 ተራው ደረሰው የተባለው የአጉንሎዬ ቤት የማን ዘር ነው? የዚሁ የአዴሉ!

የሌጎሱ፦
ጋሼ፣ ታሪኩ ግሩም ነው፣ ግን ወደ ዛሬ እንምጣ። እኔ እዚያ አገር ሠርቻለሁ። አንጋሾች መላእክት አይደሉም። ዙፋን ሲከፈት እጩው ይንጋጋል፣ ገንዘብ ያለው ቀድሞ በር ያንኳኳል። ማኪንዴ ዝም ብለው ቢፈርሙ ኖሮ ዛሬ "በጉቦ የተገዛ ዘውድ አጸደቁ" ብላችሁ የምታብጠለጥሉት እሳቸውን ነበር። ደግሞስ በጭፍን መቼ ሾሙ? ኢፋ በሚባለው የዮሩባዎች የጥንቆላ ጥበብ አንቱ የተባሉት ፕሮፌሰር ዋንዴ አቢምቦላ ተጠይቀው፣ ኢፋ ተጥሎ ነው።

ጠበቃዋ፦
ወንድሜ፣ ጉቦ ወንጀል ነው። ክሰስ፣ አስረዳ፣ አስፈርድ። የአገረ ገዢ ጥርጣሬ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ኢፋ ማስጠየቅም የአንጋሾቹ ሥራ ነበር። የአገረ ገዢው ቢሮ ሥራ ሲሆን ትንሽ አያስቅም? ፊርማው የፖለቲካ መሆኑን ማየት ከፈለግህ ጎረቤት ግዛት ኦሹንን እይ። በኅዳር 2022 አዲሱ አገረ ገዢ አዴሌኬ ቃለ መሐላ ፈጽመው ብዙም ሳይቆዩ የኢሬ፣ የኢኪሩንና የኢግባጆ ነገሥታት ሹመት ላይ ትእዛዝ አወጡ። ቤተ መንግሥቶቹም በጸጥታ ኃይል እንዲጠበቁ ተባለ። የቀድሞው መንግሥት ያጸደቀውን አዲሱ ያግዳል። በአራት ዓመት አንዴ የሚመረጥ ሰው ዕድሜ ልክ የሚነግሠውን ሲያወጣና ሲያወርድ ይኸው ነው።

ተማሪው፦
ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። የናይጄሪያ ሕገ መንግሥት ለነገሥታቱ የአስተዳደር ሥልጣን አይሰጥም አይደል? ታዲያ ይሄ ሁሉ ግብግብ ለምንድን ነው?

የሌጎሱ፦
ልጄ፣ ሥልጣን ማለት ሕገ መንግሥት ላይ የተጻፈው ብቻ መሰለህ? በመሬትና በቤተሰብ ጠብ የሚሸመግለው ንጉሡ ነው። ምርጫ ሲደርስ ፖለቲከኛው ሁሉ የሚሰግደው እዚያ ደጅ ነው። ያን ደጅ ማን አይመኝም?

ጋሼ፣ እርስዎ ግን ባሾሩን ጋሃን ለምን ዘለሉት? ባሾሩን የአንጋሾቹ አለቃ ነው። ንጉሡ ሲሰለቻቸው ባዶ ቅል ወይም የበቀቀን እንቁላል ይልኩለታል። ያ ከደረሰው ራሱን ማጥፋት አለበት። ጋሃ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ይህን እያደረገ ንጉሥ በንጉሥ ላይ ቀያየረ። ተቆጣጣሪ የሌለው አንጋሽ እንዲህ ነው!

ታሪክ ወዳድ፦
እውነትህን ነው። ግን ጋሃን በ1774 ማን ጣለው? አላፊን አቢዮዱን ነው፣ የራሱን የጦር አለቃ ይዞ። መድኃኒቱ ከውስጥ ነበር። ከውጭ ሲመጣ ምን እንደሚሆን በ1950ዎቹ ታየ። የአክሽን ግሩፕ ፓርቲ መንግሥት ከአላፊን አዴዬሚ ዳግማዊ ጋር ተጣላና ከዙፋን አውርዶ አጋዛቸው። በ2022 ያረፉት ንጉሥ የእሳቸው ልጅ ናቸው።

ከዚያም በፊት የሌጎሱ ንጉሥ ኤሹግባዪ ኤሌኮ አለ። ቅኝ ገዢዎቹ በ1925 ወደዚችው ወደ ኦዮ አጋዙት። ሰውየው ዝም አላለም፣ ክሱ ለንደን፣ የቅኝ ግዛቶቹ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ እስከሆነው ፕራይቪ ካውንስል ድረስ ሄደ። ዳኞቹ በ1931 ሁለት ነገር አሉ። ልማድን ልማድ የሚያደርገው የባለቤቱ ሕዝብ ስምምነት ነው። ባለሥልጣን በአንድ ሰው ነጻነት ላይ እጁን ሲያሳርፍም በፍርድ ቤት ፊት ሕጋዊነቱን ማስረዳት አለበት። ኤሌኮም ሌጎስ ተመለሰ። በቅኝ ግዛት ዘመን የተባለ ነው እንግዲህ!

የሌጎሱ፦
እሺ፣ ኢባዳንስ? እዚያ ነጋሽ ቤት የሚባል ነገር የለም። ሁለት የሹመት መስመር አለ፣ የኦቱንና የባሎጉን። ከታች ትገባለህ፣ ከላይህ ያለው ሲሞት አንድ እርከን ትወጣለህ፣ ጫፍ ስትደርስ ከሁለቱ መስመር በተራ ትነግሣለህ። ጠብ የለም፣ ጉቦም ብዙ አይረባም።

ጠበቃዋ፦
ጠብ የለም? በ2017 አገረ ገዢ አጂሞቢ በአንድ ጊዜ 21 ሰዎችን ዘውድ ድፉ ሲሉ የኢባዳኑ ሹም ራሺዲ ላዶጃ አልቀበልም ብለው ከሰሱ፣ በ2018 መጀመሪያም ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሻረው። ላዶጃ ራሳቸው የቀድሞ አገረ ገዢ ናቸው፣ በ2006 ምክር ቤት ሽሯቸው በፍርድ ቤት የተመለሱ። ተራቸውን ጠብቀው በ81 ዓመታቸው፣ በመስከረም 2025 ነገሡ። ሰልፉ ጉዳትም አለው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ንጉሥ ዘውድ የደፉት 90 ሊሞላቸው ሲሉ ነው፣ ዓመት ሳይሞላ አረፉ። ቢሆንም ከኦዮው እሱን እመርጣለሁ።

አወያይ፦
እኔም አቋሜን ልናገር፣ አወያይ ስለሆንኩ ዝም በል ያለኝ የለም። ለእኔ የአንጋሾቹ ምርጫ ይጽና። ጉቦ አለ ያለ ማስረጃውን ለዳኛ ያቅርብ፣ ዳኛው እስኪወስን ደግሞ ማንም በትር አይቀበል። አገረ ገዢው ሁለት ዓመት ከጠበቁ ፍርዱን መጠበቅ ምን ያቅታቸዋል?

ተማሪው፦
ሰውየው ግን ነግሠዋል እኮ፣ በሚያዝያ 2025 ደማቅ በዓል ተደርጎላቸዋል። ዳኛ አሁን ቢሽረው ምን ሊሆን ነው?

ጠበቃዋ፦
እዚያው ኦዮ ግዛት ያለችውን የኦግቦሞሾን ከተማ እይ። በ2023 አዲሱ ንጉሥ በነገሡ በሳምንታት ውስጥ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሹመቱን ሻረ። ንጉሡ ይግባኝ አሉ፣ ዙፋናቸው ላይ ቁጭ ብለው። ችግሩ ይሄ ነው። አንዴ ዘውድ የደፋ ሰው ጊዜ ከእሱ ጋር ይሠራለታል። ክሱን ያራዘመ ያሸንፋል። ለዚህ ነው የዕግድ ትእዛዝ ከሹመቱ በፊት መምጣት ያለበት።