ለንፁህ ሽንት ጊፍት ካርድ፦ ሕክምና ወይስ ጉቦ?

ሰላም ኤልኤ፦ ቅዳሜ ኮሚኒቲው ስለ ሱስ ባዘጋጀው ስብሰባ ላይ አንድ የኛው ሰው፣ ያውም ካውንስለር፣ ተነስቶ «ሰው ማድረግ ላለበት ነገር አይከፈለውም፣ ይሄ የካሊፎርኒያ ጊፍት ካርድ ጉቦ ነው» ሲል አዳራሹ አጨበጨበለት። እስካሁን ንድድ ብሎኛል። እኔ ካርዱን በሚሰጠው የሱስ ሕክምና ፕሮግራም ላይ ነው የምሰራው፣ ሜዲ-ካል (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የካሊፎርኒያ ነዋሪዎች የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ነው የሚከፍለው። የሜት (ሜታምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ) ወይ የኮኬይን ሱስ የያዘው ሰው መጀመሪያ ላይ በሳምንት ሁለቴ መጥቶ ሽንት ይሰጣል፣ ንፁህ ከሆነ፣ ማለት ዕፁ ካልተገኘበት፣ የ10 ዶላር ካርድ፣ በዛው ከቀጠለ ትንሽ ትንሽ ይጨመርለታል፣ ከተገኘበት ወደ 10 ይመለሳል። 24 ሳምንት፣ በዓመት ቢበዛ 599 ዶላር። ጉቦው ይሄ ነው?

ዳኜ፦ የተናገርኩት እኔ ነኝ እህቴ፣ አሁንም እደግመዋለሁ። እኔ ከመጠጥ የወጣሁት በ12ቱ እርምጃ ነው፣ ሱሰኞች ተሰብስበው እርስ በርስ በሚደጋገፉበት፣ አምስት ሳንቲም የሰጠኝ የለም። ብሩ ሲያልቅስ? 25ኛው ሳምንት ላይ ማን ሊከፍለው ነው?

የኦክላንድ ልጅ፦ ጋሽ ዳኜ፣ «ማድረግ ላለበት ነገር» የሚሉት አልገባኝም። የስኳር በሽተኛም ኪኒኑን መዋጥ አለበት፣ ኢንሹራንስ ግን ይከፍልለታል። ለሄሮይን ሱስ መድሃኒት አለ፣ ሜታዶን አለ፣ ቡፕረኖርፊን አለ። ለሜት ሱስ ግን ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድሃኒት ተቆጣጣሪ) ያፀደቀው አንድም መድሃኒት የለም። በጥናት ከሌላው ሁሉ የተሻለ የታየው ይሄ ነው፣ የቬተራን (የቀድሞ ወታደሮች) ሆስፒታሎች ከ2011 ጀምሮ ይሰሩበታል፣ እኛ ግን በጭብጨባ እንጥለዋለን?

ዳኜ፦ ኪኒን ሱፐርማርኬት ወስደህ አትመነዝረውም። ካርዱን በግማሽ ዋጋ ክሊኒኩ በር ላይ ሲሸጥ ያየሁት ልጅ አለ።

ሰላም ኤልኤ፦ እኔ ደግሞ ለልጁ የትምህርት ቤት ጫማ ገዝቶ በስልኩ ፎቶውን ያሳየኝ አባት አለ፣ ለስንት ጊዜ ለልጁ ምንም ገዝቶ የማያውቅ ሰው። በካርዱ መጠጥና ሲጋራ መግዛት ክልክል ነው። ውጤቱ እዛው በደቂቃ ይወጣል፣ ካርዱም እዛው ነው የሚሰጠው፣ ምክንያቱም ሜት የሚሰጠው ደስታ ቀጠሮ አይሰጥም፣ እኛም ነገ ና ካልነው አጣነው ማለት ነው።

ብርቄ፦ ልጆቼ እኔ ሁለት ፈረቃ ነው የምሰራው፣ ከደሞዜ ታክስ ይቆረጣል። ሱስ ነክቶት የማያውቀው ልጄስ ምን ተሰጠው?

የኦክላንድ ልጅ፦ እትዬ ብርቄ፣ ያ ሰው ኢመርጀንሲ ሲገባ፣ እስር ቤት ሲገባም ከርስዎ ታክስ ነው የሚወጣው።

ኃይለገብርኤል፦ ፀበል እያለ ስለ ካርድ የምትከራከሩት ነገር ይገርመኛል። የወንድሜን ልጅ ያዳነው ፀበል ነው።

ሰላም ኤልኤ፦ ወንድሜ ፀበሉን የከለከለ የለም፣ ከኔ ደንበኞች ሁለቱንም የሚያደርጉ አሉ። ግን ፀበል ነው ብለን ከሕክምና ያስቀረናቸውን ልጆች አንርሳ።

ኃይለገብርኤል፦ እምነታችንን አትንኪ! ማን አስቀረ?

ዳኜ፦ እሱን ተዉትና ስለ 25ኛው ሳምንት እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

ሰላም ኤልኤ፦ ካውንስሊንጉ ይቀጥላል፣ ካርዱ ነው የሚቆመው። እርግጥ ካርዱ ሲቆም የሚመለስ አለ፣ ከ12ቱ እርምጃም የሚመለስ አለ፣ እሱን ግን ጉቦ አላልነውም። ጋሽ ዳኜ፣ እርስዎ ባለፉበት መንገድ ያላለፈ ሁሉ አልዳነም እያሉ ነው፣ ይሄን ደግሞ ከካውንስለር አልጠብቅም።

ዳኜ፦ እንደዛ አላልኩም። ያልኩትን ወደ ላይ ሄደሽ አንብቢው።

የኦክላንድ ልጅ፦ ካርዱን ሲሸጥ ያዩት ልጅስ፣ ያን ቀን ሽንቱ ንፁህ ነበር አልነበረም?