ሐኪሞቹ «ተገለባበጡ» ወይ?

(ተነጋጋሪዎቹ፦ ከድሬዳዋ ሰፈሮች አንዱ የከዚራ፣ አንዷ የመጋላ፣ ሦስተኛው ከሐረር የጀጎል ሰው ናቸው፤ አንዲት ፋርማሲስትም አለች።)

የከዚራው፦ ትናንት ማታ በሬዲዮ የቀረበ አንድ እንግዳ «በኮሮና ጊዜ ሐኪሞቹ ሲገለባበጡብን ከረሙ» ሲል፣ ጋዜጠኛው አብሮት ከመሳቅ በቀር አንድም ጥያቄ አለማንሣቱ አናዶኛል። አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ምክርን ማረም መገለባበጥ ከሆነ፣ የምንፈልገው የመጣው ቢመጣ ከቃሉ ንቅንቅ የማይል ሐኪም ነው ማለት ነው።

የመጋላዋ፦ ወንድሜ፣ «ማረም» የሚለው ቃል እንዴት ለስላሳ ነው! በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት በሽተኛ የማያስታምም ጤነኛ ሰው ጭምብል አያስፈልገውም ሲል፣ እናቴ ከአሮጌ ነጠላ ሰፍታ ያደረገችውን ጭምብል እያዩ የጫት ደንበኞቿ «ታመሻል እንዴ?» ስላሏት አውልቃ ከመደቧ ሥር ሸጎጠችው። ግንቦት 28 ቀን ያው ድርጅት መራራቅ በማይቻልበት ስፍራ ሕዝቡ የጨርቅ ጭምብል ያድርግ አለ። ይህ መገለባበጥ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ፋርማሲስቷ፦ ሰሚውም ተገለባብጧል። ሰኔ 9 ቀን የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ዴክሳሜታሶን (ዴክሳ) የተባለው መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱት ሕሙማን ሞትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ብቻ ከሚሰጣቸው ደግሞ በአንድ አምስተኛ እንደሚቀንስ፣ ኦክስጅን ለማያስፈልገው ግን ጥቅም እንዳልታየበት በአንድ መግለጫ አስታወቁ። እኔ ከምሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት የደረሰው የመግለጫው ግማሽ ብቻ ነበርና፣ ስኳር እንዳለባቸው የማውቃቸው አንድ አባት እንኳ፣ ስኳርን ሽቅብ የሚሰድደውን ይህን መድኃኒት «ለመጠባበቂያ ሁለት ፍሬ ብቻ» እያሉ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩኝ።

የመጋላዋ፦ ስለ ጭምብል ጠየቅሁ፤ ስለ ዴክሳ ተመለሰልኝ።

የጀጎሉ፦ የሰሚ ነገር ከተነሣ፣ «የድሬ ፀሐይ ቫይረሱን ይጠብሰዋል» ስትሉን የነበራችሁት እነማን ነበራችሁ?

የከዚራው፦ በርጫ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ የከረመ ሰው ስለ ፀሐያችን ባይናገር ይሻላል። ወደ ነገሬ ስመለስ፣ የመጋቢቱ ምክር የወጣው ጭምብል ለሐኪሞች እንኳ በጠፋበት፣ ምልክት የማይታይበት ሰው በሽታውን ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ገና ባልተጣራበት ጊዜ ነው።

የመጋላዋ፦ እንግዲያው «ገና አልተጣራም» ይበሉን ነበራ። በዚያው በመጋቢት «ቫይረሱ በአየር አይተላለፍም» ብለው አስረግጠው ጽፈው፣ አየር በማይናፈስበትና ሰው በሚታጨቅበት ቤት በአየር እንደሚተላለፍ በግልጽ ለመጻፍ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀባቸው። ቢለውጡ ባልከፋኝ፤ ሲከለክሉም ሲያዝዙም ያው እርግጠኝነታቸው ነው ያስከፋኝ።

የከዚራው፦ አሁን ደግሞ «መገለባበጥ»ን ትተሽ ወደ «እርግጠኝነት» ተሻገርሽ። ታዲያ የተገለባበጠው ማን ነው?

የመጋላዋ፦ እኔማ አረምኩ፤ ቃሉ የራስህ ነው።

የጀጎሉ፦ የፀሐዩ ጥያቄዬ አሁንም አልተመለሰልኝም።